«ደግመህ በለኝ» ይሉ የነበሩት ለፋፊ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። እድራችን አዲስ ድንኳን አሰፍቶ ሲያስመርቅ ከወጣቶቹ አንዱ አሮጌውን የድምፅ ማጉያ ከዕቃ ቤት አወጣና አቧራውን እፍ ብሎ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይል ጀመር። የልጅ ልጄ ቤዛ ሳቀች። «እማዬ፣ በዚህ ይጣሩ የነበሩት ሰውዬ እኮ አንቺ ቤት ይመጡ ነበር አይደል? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለችኝ። ጓደኞቿም ተሰበሰቡ። እኔ እንደሆንኩ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር፣ እሷ ልትጽፍ ተዋዋልን። ወሬ ስጀምር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። እሷ ግን «አንቺ ብቻ ተናገሪ፣ መንገድ ከሳትሽ እመልስሻለሁ» ብላኛለች።

ጋሽ ላሚሶ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። መርዷቸውን የነገረችኝ ስልኬ ናት። ይኼ ምኑ ይገርማል ትሉ ይሆናል፤ የዛሬ ሰው መርዶ የሚሰማው በስልክ ነው። እሳቸው ግን የታቦርን ሰፈር ሰው ሞት ሁሉ በገዛ ጉሮሯቸው ሲጣሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ሞት የተጣራ ሰው አልነበረም። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ነጠላዬን ስፈልግ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ አሰማች። አየኋት፤ ጥቁር ሪባን፣ ከሪባኑ ሥር ፎቶ። ዓይኔ ስለደከመ ፎቶውን አላጣራሁትም። ጥቁር ሪባን ሳይ ወዲያው ለጋሽ ላሚሶ መደወል ልማዴ ነበርና ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ሪባኑን ከፍቼ ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው ኮፍያቸውን አወቅሁት። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ያልኩት።

እንግዲህ ማን እንደነበሩ ልናገር። የእድራችን ለፋፊ ነበሩ። ሰው ሲያርፍ ማጉያቸውን ይዘው ከኮረብታው ጥግ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየዞሩ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ለእድርተኛው ያሰማሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በሲዳሙ አፎ፣ ማለት በሲዳምኛ። ረጅም ሰው ነበሩ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፤ ክረምት ከበጋ ከላያቸው የማይለይ ጥቁር ካፖርት ነበራቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቀስ እያሉ ሲራመዱ፣ እዚያ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብቀውን ትልቁን ወፍ፣ አባ ኮዳን ነው የሚመስሉት። ልጆች በስተኋላቸው «አባ ኮዳ» ይሏቸው ነበር። ያውቃሉ። አንድ ቀን ዞር አሉና «አባ ኮዳ ዓሣ ነው የሚፈልገው፤ እናንተ ደግሞ ዓሣ አይደላችሁም፣ ሂዱ ወደ ትምህርታችሁ» አሏቸው። ልጆቹ አፍረው ሮጡ። በማግስቱ ግን የካፖርታቸውን ጫፍ ይዘው አብረዋቸው ሲሄዱ አየሁ።

ከቡሹሎ ወዲያ ካለ ገጠር በወጣትነታቸው መጥተው፣ ፋብሪካ ውስጥ ጭነት ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ ባለቤቴ የመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከሰሜን ሸዋ ነው የመጣነው። እኔ ማርያም እሳለማለሁ፣ እሳቸው ቸርች ይሄዳሉ፤ እድሩ ግን አንድ ነው። ሲያገኙኝ «ኬሬ ነሽ ወይ፣ እህቴ የሺ?» ይሉኛል። ኬሬ በእነሱ አፍ ሰላም ማለት ነው። እኔም «ኬሬ ነኝ፣ ጋሽ ላሚሶ» እላለሁ። ከዚህ በላይ ሲዳምኛ ሳልችል አረጀሁ፤ ይኼ ይቆጨኛል።

ወደ ድምፃቸው ልመለስ። አይጮሁም ነበር። ማጉያው ነው የሚጮኸው፤ እሳቸው ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚናገሩት። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ለይተው፣ ቆም ብለው፣ እንደገና ይሉታል። «ስም አይቆረስም» ይሉ ነበር። አልጋ ላይ ሆነሽ ብትሰሚያቸው፣ የሞተው ማንም ይሁን ማን፣ በክብር የተጠራ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ድሮ ሰው ሲያርፍ ከእድሩ አንድ መልእክተኛ ተልኮ በራቸውን ያንኳኳል። የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታ፣ ሰዓቱን ይነግራቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና «ደግመህ በለኝ» ይላሉ። ይደግማል። «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ።» የቸኮለ ሰው ይበሳጫል። አንዴ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ብልጥ ነኝ ብሎ በወረቀት ጽፎ ቢሰጣቸው፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «አሁን ደግሞ በአፍህ በለኝ» አሉት። ሰው ሁሉ ይኼ ለሟች ካላቸው ክብር ነው ይል ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ አዲስ የእድር ጸሐፊ ተመረጠ። ዮናስ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ኮምፒዩተር የተማረ። ለእድሩ የኢንተርኔት ገጽ ከፈተ። ከእንግዲህ መልእክተኛ መላክ ቀርቷል፣ የሞተውን ሰው ከነፎቶው ገጹ ላይ አወጣዋለሁ፣ የሁላችሁም ስልክ ይጠራል አለ። ለጋሽ ላሚሶም «ጋሼ፣ እርስዎ ከገጹ ላይ አንብበው መጣራት ብቻ ነው፤ ሥራ ቀለለልዎ» አላቸው። ጋሽ ላሚሶ ስልካቸውን ገልበጥ አድርገው ጀርባዋን አዩ፣ እንደገና ፊቷን አዩ፣ «እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው ላይ ያቺን የጆሮ ማዳመጫ ክር ሰክተው መሄድ ጀመሩ። ምንድን ነው ብላቸው፣ መዝሙር ነው አሉኝ።

ያ ክፉ ቀን የመጣው አቶ በየነ የሞቱ ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ሁሉ የሰፉ። ጋሽ ላሚሶ ጠዋት የእኛ በር ፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ቆሙ። እኔ መጥረጊያ ይዤ ደጅ ነበርኩ። ስልካቸው በአንድ እጅ፣ ማጉያው በአንድ እጅ፣ ክሩ ጆሯቸው ላይ፣ ዓይናቸው ጨፈን ብሏል። «የታቦር ሰፈር እድርተኞች» አሉ፤ «አቶ በየነ ወልዴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት…» ብለው በዚያው በለሰለሰ፣ በዚያው በሐዘን ድምፅ ቀጠሉ፤ «እንኳን ደስ አለዎት። አሸናፊ ነዎት። ሽልማትዎን ለመውሰድ እዚህ ይጫኑ።»

መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቆመ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። እሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ከአፋቸው የወጣውን ጆሯቸው የሰማው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ማጉያው ከእጃቸው ወርዶ በማንገቻው ጉልበታቸው ላይ ተንጠለጠለ። የሟቹ ትልቁ ልጅ ከቤት ሲሮጥ ወጣና «ጋሽ ላሚሶ፣ አባቴ ምን አደረገዎት?» አላቸው። ድምፁ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። እሳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማስታወቂያው ከጽሑፉ መሃል ገብቶ ዓይኔ ስቶ አነበብኩት፤ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት።

እውነትም የዚያ ዘመን ስልክ እንደዚያ ነበር። ገጽ ስትከፍቺ መሃል ላይ ቁማር ይወጣል፣ ጫማ ይወጣል፣ ልብስ የለበሰች የማትመስል ሴት ትወጣለች። እኔ እንኳ የማርያምን ሥዕል ልይ ብዬ ስንት ጊዜ ያልሆነ ነገር ተከፍቶብኝ ስልኬን ትራስ ሥር እንደደበቅሁ። ስለዚህ ሰው አመናቸው። ግን ሰው አምኖሽም ይስቃል። «ጋሼ፣ ዛሬ ማን አሸነፈ?» የሚል ጎረምሳ አልጠፋም።

የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ዮናስ፣ በክፋት አይደለም፣ ጋሼ ደክመዋል፣ ማጉያውን እንረከባቸውና ይረፉ፣ ገጹ ይበቃል አለ። ባለቤቴ ያኔ ገና በእግሩ ይሄድ ነበርና ስብሰባው ላይ ነበር። ስልክ የሌለው አለ፣ እንደ የሺ ማንበብ የማይችል አለ፣ አንድ ጊዜ ሰው ይሳሳታል ብሎ ተከራከረላቸው። ሽማግሌዎቹም ተዉአቸው።

ጋሽ ላሚሶ ያንን ቀን እንዳይደግሙ ብለው ማንንም ሳያማክሩ እታች መንገድ ዳር ካለች የሞባይል ሱቅ ገቡ። «ማስታወቂያ የሚባል ነገር በሙሉ አጥፋልኝ» አሉት ልጁን። ልጁ የቱን ማስታወቂያ ቢላቸው፣ ሁሉንም አሉ። ልጁም እንደታዘዘው ሁሉንም አጠፋ። ቁማሩንም፣ ጫማውንም፣ የእድሩንም። ከዚያ በኋላ ስልካቸው ዝም አለ። እሳቸው ደስ አላቸው። እኔን መንገድ ላይ አግኝተውኝ «እህቴ የሺ፣ ጌታ ይመስገን፣ ሰሞኑን ሰው አልሞተም» አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

ሰው ግን ሞቶ ነበር። እትዬ አስካለ፣ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጠው፣ ዘመድ የሌላት። እኔም ስልኬ ተዘግቶ ነበርና አልሰማሁም። ዮናስ ገጹ ላይ አውጥቷል፤ ጋሽ ላሚሶ ይጣራሉ ብሎ አምኗል፤ ሰውም የእሳቸውን ጥሪ ይጠብቃል። ያልተጣራ ሞት ምን እንደሚመስል ያን ቀን ታወቀ። ካፊያ እየጣለ፣ ሬሳውን የሚሸከም ሰው ከመንገድ እየተለመነ ነው የተቀበረችው። ጋሽ ላሚሶ ከመንገደኛ ሰምተው የደረሱት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። መቃብሩ አጠገብ ቆመው፣ ማጉያ ሳይዙ፣ ስሟን ከነአባቷ ሁለት ጊዜ ተጣሩ። በአማርኛ፣ ከዚያ በሲዳሙ አፎ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነገሯቸው። ከእንግዲህ አንድ ሞት ቢያልፋቸው ወይም አንድ ስም ቢያበላሹ ማጉያውን ያስረክባሉ።

በማግስቱ በሬን አንኳኩ። ገብተው ግቢዬ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እህቴ የሺ» አሉኝ፣ «ማስታወቂያ ሁለት ነው ለካ። አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ይቀብራል። ስሙ ግን አንድ ነው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ቀጠሉ።

«የሚሸጠውን አስቀርታ የሚቀብረውን የምታስገባ ነገር አለች ይላሉ። ብራውዘር ናት ስሟ። ብዙ ዓይነት አለ። ነይ አብረን እንምረጥ» አሉኝ።

እኔ ሳቄ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ሀሁ የማልለይ ሴት፣ ምን ልረዳዎ ነው?»

«ጆሮ አለሽ አይደል?» አሉኝ።

ባጃጅ ይዘን አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሰፈር ወረድን። እዚያ ገበያው ጋ ሰላም የምትባል ልጅ የሞባይል ሱቅ አላት፤ ቤዛ ናት የጠቆመችን። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ሰው ይገፋፋባታል። ጋሽ ላሚሶ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚፈልጉትን ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ረጋ ብለው ተናገሩ። የሚያሳፍር ነገር እንዳታስገባ፤ ሞት ግን እንዳትደብቅ፤ ደግሞ የእሳቸው ስልክ ባትሪዋ ያለቀ እንደሆነ የእኔዋ እንድታውቅ። «አንዷ ብትደነቁር ሌላዋ ትስማ» አሉ። ሦስቱን ከተናገሩ በኋላ ወደ እኔ እያሳዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህች እህቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ጽሑፉን ጮክ ብላ የምታነብላት ትሁን።» ትንሽ አፈርኩ። ግን በእንዲህ ያለ ርኅራኄ ነው ያሉት፣ ሊቆጡበት የሚቻል አልነበረም።

ሰላም እየጫነች ታሳያቸዋለች። እነዚህ ብራውዘሮች፣ ልጆቼ እንደሚሉት፣ ወደ ኢንተርኔት የሚገባባቸው በሮች ናቸው፤ ገጹ አንድ ሆኖ በሩ ይለያያል። የመጀመሪያዋ ቶሎ ትከፍታለች፣ ዳታም አትበላም አለች። ጋሽ ላሚሶ ክራቸውን ጆሯቸው ሰኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ የእድሩን ገጽ አስከፈቱ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እትዬ አስካለ ከሞተች በኋላ የፀጉር ቅባት ገብቷል» አሉ። ሁለተኛዋ ማስታወቂያውን ጥርግ አደረገች፤ ግን የሟቾቹን ፎቶም ጠረገችው፣ ሪባኑም ጠፋ። ሰላም፣ ይኼ ይስተካከላል፣ ለእድሩ ገጽ ብቻ እከፍትልዎታለሁ ብትላቸው፣ «አንዴ የደበቀች ሁለተኛ አትደብቅም ብዬ አላምናትም» ብለው መለሱላት። ሦስተኛዋ መልካም ነበረች፤ የእሳቸውን ስልክ ከእኔ ጋር ማገናኘት ግን እምቢ አለች። በር ላይ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ወጣት ሲጠብቅ ቆይቶ «አባባ፣ ሚስት እየመረጡ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ሚስቴንማ አንድ ጊዜ አይቼ ነው ያገባኋት» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሱቁ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከአቶ በየነ ቀብር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

አራተኛዋ ተገኘች። ማስታወቂያውን ታስቀራለች። የእድሩ መልእክት ሲመጣ ትጣራለች። ሰላም የሁለታችንንም ስልክ ጎን ለጎን አድርጋ በአንድ ስም ከፈተቻቸው። ማመሳሰል ነው የሚባለው አለችን፤ በአንዱ የተከፈተ ገጽ በሌላውም ይገኛል። ጋሽ ላሚሶ በእሳቸው ስልክ የእድሩን ገጽ ምልክት አደረጉበት፣ እኔ ስልክ ላይ ብቅ አለ። እንደ መንታ ልጆች። ጽሑፉን በሴት ድምፅ የምታነበውንም አስገባችልን። ሴትዮዋ ላልቶ የሚባለውን ታጠብቃለች፣ የሚጠብቀውን ታላላለች፤ ቢሆንም ትሰማለች። ጋሽ ላሚሶ ገጹን እስከ መጨረሻው አሰሟት። መሃል ላይ ምንም አልገባም። «ይኼው» አሉ፣ ብቻ «ይኼው»።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት አበጀን። ስልኬ ስትጣራና ጥቁር ሪባን ሳይ እደውልላቸዋለሁ። እሳቸውም ስልካቸው ቢሠራም ባይሠራም መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣሉ። አቮካዶው ሥር ይቀመጣሉ። «ማንበብ ስለማትችይ ላሰማሽ ብዬ ነው» ይሉኛል። ስልኬን ይቀበሉኝና ሴትዮዋን ይጫኗታል፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ካለቀ በኋላ «ትድገምልሽ?» ይሉኛል። እኔ አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር፤ ግን እንዳይከፋቸው «ትድገምልኝ» እላለሁ። አንዳንዴ ሦስተኛም። ከዚያ ማጉያቸውን አንስተው ይወጣሉ፤ እኔም በሬ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ቃል አያስቀሩም ነበር። ስንት ሰው ማንበብ የሚችል ጎረቤት አለኝ፤ እንደሳቸው ግን ለእኔ ለማታነብ ሴት ጊዜ ሰጥቶ ዓለም የሚያውቀውን እንዳውቅ ያደረገ የለም። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ ያነባል።

እንግዲህ የከበደኝ ጋ ደረስኩ። ሰላም ሱቅ ከሄድን በኋላ የመጀመሪያው ሞት የራሴው ቤት ሆነ። ባለቤቴ ጌታነህ ብዙ ታሞ ነበር፤ ማለዳ አረፈ። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። ዮናስ ቶሎ ብሎ ገጹ ላይ አወጣው፤ እሱም ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሽማግሌዎቹም ቆመዋል፣ ሁሉም ጋሽ ላሚሶን ይጠብቃል። ዛሬ ከተሳሳቱ ማጉያው እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም። ይባስ ብሎ ሟቹ ስብሰባ ላይ የተከራከረላቸው ሰው ነው።

ጋሽ ላሚሶ በሴቶቹ መሃል አልፈው እኔ ያለሁበት ድረስ መጡ። መሬት ላይ ተቀመጡ። «እህቴ የሺ፣ ሐዘን ላይ መሆንሽን አውቃለሁ» አሉኝ፤ «ግን ስልክሽን ስጪኝ። አንቺ ሳትሰሚው አልጣራውም።» ከደረቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሴትዮዋን ተጫኗት። ያቺ ድምፅ፣ ሐዘን የማታውቅ፣ «አቶ ጌታሁን ወልደማርያም» ብላ ጀመረች።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጌታነህ ነው። ጌታሁን አይደለም። ጌታነህ።»

ጋሽ ላሚሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ደግመሽ በዪኝ» አሉ።

«ጌታነህ ወልደማርያም።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ነገርኳቸው። ሦስተኛውን ስናገር የባሌን ስም እኔው ራሴ የምጣራ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ ነው እውነትም መሞቱ የገባኝ። ዮናስ ፊቱ ቀላ፣ ስልኩን አውጥቶ ያስተካክል ጀመር። ጋሽ ላሚሶ ግን አልጠበቁትም። ወጡ። ከቤት ሆኜ ሰማኋቸው፤ ከመታጠፊያው፣ ከዚያ ከላይ ከኮረብታው፣ ከዚያ እሩቅ ከአስፋልቱ። ጌታነህ ወልደማርያም። ቆም ይሉና፣ ጌታነህ ወልደማርያም። መሃል ላይ ምንም አልገባም። የማርያም መቃብር የመጣውን ሰው አልያዘውም።

ማጉያውን አስረክቡ ያላቸው ሰው ከዚያ ወዲያ አልነበረም። እስከ ዕለተ ሞታቸው እሳቸው ጋር ቆየ። የእሳቸው ቀን ግን የሚጣራ ጠፋና፣ ስልኬን ይዤ አቮካዶው ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ሴትዮዋን ተጫንኳት፣ አስደገምኳት። ማጉያው ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ገባ፤ ልጆቹ እስኪያወጡት ድረስ።

ልጃቸው ማርታ ቡሹሎ ነው ያገባችው፤ እዚያው ታርሳለች። ከቀብሩ በኋላ ብዙ ዓመት አልተገናኘንም። አምና ለዘመድ ሠርግ ታቦር መጥታ፣ አንድ ፌስታል ቲማቲም ይዛልኝ ልትጠይቀኝ ገባች። አባቷ የሚቀመጡባት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። ስልኬንም አወጣሁ፤ እሳቸው ምልክት ያደረጉበት የእድሩ ገጽ ዛሬም እንዳለ ላሳያት ብዬ። አየችው፣ ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። የምታነበውን ሴትዮ ስልካቸው ላይ መጀመሪያ ያስገባችው እሷ ራሷ እንደነበረች ነገረችኝ፤ ያ ዮናስ አንብበው ይጣሩ ያላቸው ጊዜ፣ ለማንም እንዳትናገር አስምለዋት። ቁማሩ ገብቶ ሲያዋርዳቸው ሥራውን ሊተዉ እንደነበረም ነገረችኝ። እኔ ያኔም አልገባኝም፤ ምን እያለችኝ እንደሆነ ፊቷን አያለሁ።

«ምስጋና ሳላቀርብልዎ ስንት ዓመት አለፈ፣ እትዬ የሺ» አለችኝ። «አባባ ሀ እና ለን ሳይለይ የሞተ ሰው ነው። እህቴ የሺ ታነብልኛለች ይለን ነበር፤ ሰው ሲሞት እሷ ጋ እሄዳለሁ፣ እሷ ናት የምታነብልኝ።»